የክፍል ዘጠኝ ወንበሮች

ተማሪዋ የፈለገችው ወንበር ብቻ ነበር። አርፍዳ ደርሳ መቀመጫ ስታጣ፣ በዚያ ኮሌጅ ሁሉም እንደሚያደርገው፣ ከባዶ ክፍል አንድ ልትጎትት ወጣች። የክፍል ዘጠኝ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ልዩ ሴሚናር፣ ሐሙስ ከሰዓት» ይላል። ዕለቱም ሐሙስ ነው። ያን ቀን ጠዋት ለተማሪዎች የተከፈተው አዲሱ የትምህርትና የክፍል ድልድል ድረ ገጽ ግን ክፍሉ ባዶ ነው ይላል። ልጅቷ ስልኳን አመነችና በሩን ገፋችው።

ወለሉ ላይ የተዘረረው ሰው ፊት አልቀረለትም። ደሙ ሰሌዳውን አልፎ ኮርኒሱ ድረስ ተረጭቷል። የለየችው በጫማው ነው፤ ድረ ገጹን የሠራው፣ በቅጥነቱ ሁሉም «ሽቦ» የሚለው የኮምፒውተር መምህሯ ነበር።

መርማሪዋ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷ ግን ደህና የሆነ ሴት ናት። ሬሳው አጠገብ ለመንበርከክ ጊዜ ወሰደባት፤ ከተንበረከከች በኋላ ግን ለመነሣት አልቸኮለችም። ገዳዩ ሰውየው ከወደቀ በኋላም አልማረውም። የራስ ቅሉ ላይ የብረት ቱቦ ጫፍ የሚያክሉ ክብ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ታትመዋል።

«በወንበር እግር ነው የወቀጠው» አለች።

«በየትኛው ወንበር?» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን። ወንበሮቹ ሁሉ በየረድፋቸው ቆመዋል። የፊተኞቹ ላይ ደም ተፈናጥሯል እንጂ እግሩ በደም የተነከረ አንድም የለም።

መርማሪዋ የተማሪዋን ስልክ ተቀበለች። ድረ ገጹ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ወንበር እንዳለው ይናገራል። ቆጠረች፤ ሙሉ ነው። ከዚያ አንዱን ገለበጠችው። ከመቀመጫው ሥር በቢጫ ቀለም «9» ተጽፏል። ሳጅኑን እያላበው ሁሉንም አስገለበጠችው። ፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ከሥሩ ምንም አልተጻፈበትም። ግራና ቀኙ ያሉት ደም ጠግበዋል፤ እሱ ላይ አንድ ጠብታ አልነበረም።

«እኔ በከንቱ ስለሚደክሙ ለእርስዎ ነው የማዝነው» አለ ሳጅኑ ግንባሩን እየጠረገ። «ገዳዩ እኮ ተይዟል። የገዛ ወንድሙ ነው።»

ወንድምየው የጥበቃ ክፍል ውስጥ በካቴና ታስሯል። በሩ ላይ እናታቸው መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ሁለት ወለድኩ» አለቻት መርማሪዋን። «አንዱን በቃሬዛ ሊያወጡት ነው፣ አንዱን በካቴና። የትኛውን ልከተል?»

መርማሪዋ ውስጥ ስትገባ ሳጅኑ ቀድሟት ወጣቱን በጥፊ እያላጋው ነበር። የወጣቱ ከንፈር ተሰንጥቆ አገጩ ላይ ደም ይወርዳል።

«እጅህን ሰብስብ» አለችው ሳጅኑን። «ያበጠ አፍ ለእኔ አይናገርም።»

ወጣቱ ቀለም ቀቢ ነው። ሸሚዙ በወንድሙ ደም የራሰው የተማሪዋን ጩኸት ሰምቶ ሮጦ ገብቶ ሬሳውን ሲያቅፍ ነው። ሳጅኑ ይህን አላመነም። ጠዋት ወንድማማቾቹ የግቢው በር ላይ ሲደባደቡ ጥበቃው አይቷቸዋል።

«ለምን ተደባደባችሁ?»

«እንዳይሄድ ነበር።» ደሙን ተፋ። «ያ ሴሚናር አንድም ተማሪ የለውም። ኮምፒውተሩ ተማሪ የሌለውን ትምህርት አላስገባም ሲለው ነው ወንድሜ የነቃው። ከዚያ አንዲት ተማሪው እያለቀሰች ነገረችው። ሐሙስ ሐሙስ ሴት ልጆች ለውጤት ጉዳይ ተብለው እዚያ ክፍል ይጠራሉ፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ማን እንደሆነ ግን ፈርታ አልነገረችውም። ቁጭ ብዬ የሚመጣውን አያለሁ አለ። ብቻህን አትግባ አልኩት፣ እምቢ አለኝ። መታሁት። ባልመታው ኖሮ ምናልባት አብሬው እገባ ነበር።»

«ወንበሮቹ ሥር ቁጥር የጻፈው ማነው?»

«እኔ። ወንበር ከክፍል ክፍል እየዞረ አላስቆጥር ስላለው፣ እሱ ቆጠረ፣ እኔ ቀባሁ። እሁድ ለት።»

የሬጅስትራር ኃላፊዋ ድልድሉን ለዓመታት በእጇ ስታወጣ የኖረች፣ መምህር ሁሉ ጥሩ ክፍል ፍለጋ ደጅ የሚጠናት ሴት ነበረች። ነገሩን አልሸፋፈነችም።

«ጠልቼው ነበር። ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ሥራ በአንድ ቁልፍ ሊጨርሰው ማን ይወደዋል? ግን ደም ሳይ ራሴን የምስት ሴት ነኝ፣ በምን ጉልበቴ ልግደለው? ይልቅ እሁድ ዕረፍቴን ትቼ ክፍል ስከፍትላቸው ዋልኩ። የተገለበጠ ወንበር ተጠግቼ ቀሚሴ ቢጫ ሆኖ ቀረ።»

«ልዩ ሴሚናሩን ወረቀቱ ላይ ያስያዘው ማነው?»

ሴትየዋ ፊቷ ዳመነ። «ከላይ ታዝዤ ነው» አለችና ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

የኃላፊዋ አለቃ የሆነው ምክትል ዲን ቢሮው ከክፍል ዘጠኝ ፊት ለፊት ነው። ሰውየው መርማሪዋን በሩ ላይ ቆሞ ተቀበላት እንጂ ግቢ አላላትም። ሙቀቱ ሰው በሚያቀልጥበት ሰዓት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ለኮሌጁ ትልቅ ጉዳት ነው» አለ። «የወንበሮቹን ቆጠራ ሪፖርት ያጸደቅሁለት እኔ ነኝ። ከወንድሙ ጋር ግን አይስማሙም ይባላል።»

«ከክፍሉ ወንበር ጎድሎ ይሆን እያልኩ ነበር።»

«ሙሉ ነው አይደል?» አለ ቶሎ ብሎ። «ቢሆንም ወንበር ሁሉ አንድ ነው። ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል?»

«እሱስ ልክ ነዎት» አለች መርማሪዋ። «ሁሉንም ሰው እርስዎ ቢሮ ውስጥ አንድ ላይ ላነጋግር። አሁኑኑ።»

እናትየዋ በሳጅኑ ተደግፋ ገባች። ቀለም ቀቢው በካቴናው፣ የሬጅስትራር ኃላፊዋ መሐረቧን ጨብጣ ተከተሉ። ምክትል ዲኑ ከጠረጴዛው ኋላ ያለውን የቆዳ ወንበሩን ጎተተና ለእናትየዋ አስጠጋላት። «እዚህ ይመችዎታል» አላት። እሱ ግድግዳው ጥግ ከተደረደሩት የእንግዳ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ከተማሪዎቹ ወንበር በምንም የማይለዩ የብረት ወንበሮች ናቸው።

«ምን ነካው?» ብላ የሬጅስትራር ኃላፊዋ ሳጅኑ ጆሮ ላይ አንሾካሾከች። «ለሚኒስትር እንኳ ከዚያ ወንበር ተነሥቶ አያውቅም።»

መርማሪዋ ሰምታታለች። ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

«ሽቦ የተገደለው በወንበር ነው። ያ ወንበር ክፍል ዘጠኝ የለም፤ ቁጥሩ ግን ሙሉ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ደም የነካውን ወስዶ ንጹሕ ተክቶበታል። ለምን ተካ? ወንበሮቹ መቆጠራቸውን ስለሚያውቅ። ይህን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች እዚህ አሉ።» ወደ ቀለም ቀቢው ዞረች። «አንዱ አንተ ነህ። ግን ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር ቁጥር የቀባህ ሰው፣ ቁጥር የሌለው ወንበር ተክተህ አታመልጥም። ሳጅን፣ ካቴናውን ፍታ።»

«ኢንስፔክተር፣ ይህ እኮ...»

«ፍታ አልኩህ።»

ሳጅኑ ፈታው።

«እርስዎም» አለቻት የሬጅስትራር ኃላፊዋን፣ «ቀለሙ ቀሚስዎ ላይ አለ፤ ቁጥሩን ያውቃሉ። የቀረው ቆጠራውን በወረቀት ያየ፣ ወንበሩን ግን ገልብጦ ያላየ ሰው ነው። ወንበር ሁሉ አንድ የሚመስለው ሰው። አሁን ይንገሩኝ፤ ያን ሴሚናር ማን አስያዘዎት?»

የሬጅስትራር ኃላፊዋ መሐረቧን አፏ ላይ ጫነች። «እሱ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ምክትል ዲኑን እያየች። «በቃል ነው ያዘዘኝ። የመምህሩን ስም ባዶ ተይው አለኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አልጠየቅሁም።»

«ሽቦ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ የመጣው እርስዎ ነዎት» አለችው መርማሪዋ ምክትል ዲኑን። «ገደሉት። ኮሪደሩ ባዶ ነበር፣ ሁሉም ትምህርት ላይ ነው። ወንበሩን እዚህ አመጡና ያጠቡት፣ ከእንግዳ ወንበሮችዎ አንዱን ተኩበት። ሬሳውን ሲመሽ ሊያነሡት ነበር፤ በሩ ላይ ያለው ወረቀት እስከዚያ ሰው ያስቀርልኛል ብለው። ድረ ገጹ ግን ተከፍቷል፤ አንዲት ልጅ ወረቀቱን ትታ ስልኳን አመነች። እስቲ ኮትዎን ይፍቱ። ከዚያም ከተቀመጡበት ይነሡ።»

ምክትል ዲኑ አልተነሣም። ሳጅኑ ወደ እሱ ሲራመድ ግን ብድግ አለና የተቀመጠበትን ወንበር በሁለት እጁ አንሥቶ ሰነዘረው። ብረቱ የሳጅኑ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሳጅኑ እየወደቀ የምክትል ዲኑን ኮት ጨብጦ ይዞት ወረደ። ቁልፎቹ ተበጠሱ፤ ከሥር ያለው ነጭ ሸሚዝ እስከ ሆዱ በደም ተጨማልቋል። ወንበሩ ተንከባልሎ ተገለበጠ። ከሥሩ ቢጫ «9» አለ፤ ብሎኑ ሥር ውሃ ያልደረሰበት ደም ረግቷል።

ቀለም ቀቢው ወንበሩን አነሣ። ማንም አልቀደመውም። ምክትል ዲኑ በጀርባው ተኝቶ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዷል፤ ወጣቱ እግሮቹን አንፈራጥጦ በላዩ ቆመ፣ ወንበሩንም ከራሱ በላይ አደረሰው። መርማሪዋ ጠረጴዛውን ዞራ ለመድረስ ጉልበቷ አልታዘዛትም።

እናትየዋ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። አልጮኸችም፣ አልያዘችውምም።

«ምታው» አለችው። «ምታውና ወንድምህን ብቻዬን ልቅበር።»

ልጁ ወንበሩን ቀስ ብሎ አወረደና መሬት አስቀመጠው፤ ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። መርማሪዋ በሰውየው እጅ ላይ ካቴናውን ስትቆልፍ እናትየዋ ዞር ብላ አላየችም። የልጇን የተሰነጠቀ ከንፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

«ና፣ ለወንድምህ ከቤት ልብስ እናምጣለት» አለችው። «በዚያ ሸሚዝ አይቀበርም።»