እርጥብ ሳር የያዘ እጅ

እርጥብ ሳር በሁለት እጁ ይዞ፣ በእናትህ እግር ሥር አጎንብሶ ይቅርታ የለመነ ሰው፣ ያቺው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነፍስ ሲያጠፋ አይተህ ታውቃለህ?

አላየሁም ካልክ ዕድለኛ ነህ፤ አድምጠኝ። አይቻለሁ ካልክ ደግሞ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?

እኔ አይቻለሁ። ስሜ ድርቤ ጨመዳ ነው። በ1970 ዓ.ም. ነቀምት ውስጥ፣ ከበከኒሳ ቀሴ ቁልቁል ባለው ሰፈራችን፣ በማዋለጃ ክሊኒኩ ጤና ረዳት ነበርኩ። የምነግርህ የፍቅር ታሪኬን ነው። ደም በዝቶበታል ካልክ፣ ያበዛሁት እኔ አይደለሁም።

ያንን ክሊኒክ መንግሥት አልሠራልንም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ላይ፣ ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ ስትሞት ማየት ያንገሸገሸን ነዋሪዎች ነን የሠራነው። እድሩ አዋጣ። ሴቶቹ ድንጋይ ተሸከሙ። ወንዶቹ በደቦ ግድግዳውን አቆሙ። ጣሪያውን የመታው ረዲ ነው፤ ገበያው ዳር የቆርቆሮና የምስማር ሱቅ የነበረው የጉራጌ ልጅ።

ጣሪያው ገና ግማሹ ሳይከደን ሥራ ጀምረን ነበር። አንድ ቀን ረዲ መዳፉን ቆርቆሮ ሰንጥቆት፣ ደሙን በቆቡ አፍኖ ገባ።

«አካም ቡልቴ፣ ሲስተር?» አለኝ። ኦሮምኛው ጥሩ ነበር፤ ቅላጼው ብቻ አገሩን ያሳብቅበታል።

«ሲስተር አይደለሁም፤ ጤና ረዳት ነኝ። እጅህን ክፈት።»

«ከከፈትኩት ይፈሳል።»

«ካልከፈትከው አልሰፋውም።»

«ሲስተር ካልሆንሽ መስፋት ትችያለሽ እንዴ?»

«እንግዲያው ልብስ ሰፊ ጋ ሂድ!»

ሳቀ። መርፌው ሲገባ ግን ሳቁ ቆመ። ዓይኑን ከቁስሉ አንስቶ ፊቴ ላይ አሳረፈው፤ እዚያው ተወው። እኔም ክሩን ከቋጠርኩ በኋላ እጁን ወዲያው አልለቀቅኩትም። 

«ነገ ልምጣ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ልትሆን? ቁስል በአንድ ቀን አይድንም።»

«ለጣሪያው ነዋ። በዚህ በኩል ገና አልከደንኩትም። ከላይ ሆኜ አይሻለሁ።»

ያ ጣሪያ ለማለቅ የፈጀውን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ታዘበ። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ዋጋሪ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ባለፉ ቁጥር ወደ ላይ አንጋጥጠው «ረዲ ልጄ፣ ቤተ መንግሥትም እንዲህ አልቆየ» ይሉ ነበር።

እናቴ አዴ ወለቴ ግን አልሳቀችም። በየእሁዱ ከመዘምራኑ ፊት የምትቆም ወንጌላዊት አማኝ ናት። ቢሆንም ከበሯ ጀርባ ሲንቄዋ ቆማ ነበር። ሲንቄ ቀጭን በትር ናት፤ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት፣ ያገባች ሴት ክብር። ሴቶች በደል ሲበዛባቸው ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ። በፊታቸው የትኛውም ወንድ መሣሪያ አያነሳም። በደለኛው እርጥብ ሳር ይዞ ይለምናል፤ ሳሩን ከተቀበሉት ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ደም የለም። የአባቶቻችን ሕግ ይህ ነበር።

«ልጁ መልካም ነው፤ አልጠላሁትም» አለችኝ እናቴ። «ሲንቄዬን ግን ለሙስሊም ቤት አልሰጥም።»

«እግዜር አንድ ነው፣ ሃርሜ።»

«አንድ ከሆነ እሱ ወደ እኛ ይምጣ።»

ነገሩ በዚህ ላይ እንዳለ ነው ሞረዳ የመጣብን።

ሞረዳ ከሌላ አገር የመጣ ባዕድ አይደለም። ጎረቤታችን ነው። ልጅ ሳለ ከእናቴ እጅ ወተት ጠጥቷል። በዚያ ዓመት የቀበሌው ሊቀመንበር ነበር፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ፣ ኋላው አብዮት ጥበቃ። የቀበሌው እስር ቤት በወጣት ስለሞላ የድንጋይ ግድግዳና አዲስ ጣሪያ አማረው። ነዋሪውን በግድ ሰብስቦ «አብዮቱ ጠላቶቹን የሚያኖርበት ቤት ጠቦታል። ክሊኒኩ እስር ቤት እንዲሆን ተወስኗል» አለን።

ኦቦ ዋጋሪ ተነሡ። «ልጄ ሞረዳ፣ ሴቶቻችን የት ይውለዱ?»

«ድሮስ የት ይወልዱ ነበር?»

«ድሮማ ይሞቱ ነበር።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሞረዳ ከመድረኩ ወርዶ፣ ሽጉጡን ገልብጦ፣ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩትን ሽማግሌ አፋቸውን በእጀታው መታቸው። ኦቦ ዋጋሪ በጉልበታቸው ወድቀው ደምና ጥርስ መዳፋቸው ላይ ተፉ። 

ረዲ ብድግ አለ።

«ያን ቆርቆሮ የመታሁት እኔ ነኝ። ለማዋለጃ ነው የመታሁት። ለእስር ቤት ከሆነ ወጥቼ እነቅለዋለሁ።»

«ቁጭ በል፣ አንተ አድኃሪ ነጋዴ!»

«ጣሪያ ሠሪ ቆሞ ነው የሚሠራው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ጠባቂዎቹ በሰደፍ ወረዱበት። ሲወድቅ ረገጡት፤ ለመነሣት ሲሞክር መልሰው ጣሉት። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ከነበርኩበት ሰማሁት። እንደ ደረቅ እንጨት ነው የሚጮኸው።

ክሊኒክ አስገብቼ ደረቱን በፋሻ ጠቀለልኩት።

«ያምሃል?»

«ስትነኪኝ ብቻ።»

«እንግዲያው አልነካህም።»

«እንደሱማ ይብሳል።»

ማልቀሴን እንዳያይ ፊቴን አዞርኩ። እጄን ፈልጎ ያዘ። «እናትሽን ሽማግሌ ልኬ ልጠይቅ?»

«ትመልሳቸዋለች።»

«ትመልሳቸው። እኔም መልሼ እልካቸዋለሁ።»

ኦቦ ዋጋሪ ያበጠ ከንፈራቸውን በነጠላ ሸፍነው ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። እናቴ ወተት አቀረበችላቸው፤ ልጇን ግን ከለከለቻቸው።

ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ተናኜ የምትባል ጎጃሜ ከአንገር ጉቲን ሰፈራ በእርሻ መኪና ላይ ተጭና መጣች። መንገዱ አንገላቷት፣ ምጡ ጸንቶባት ነበር። እጄን ታጥቤ እንደጀመርኩ የጠባቂዎቹ ጫማ ውጭ ተሰማ።

«ውጡ! ቤቱ ይለቀቅ!»

ረዲ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። «ምጥ ላይ ያለች ሴት አለች። ስትጨርስ ኑ።»

ወደ ጣሪያው ተኮሱ። ቆርቆሮው እየተበሳ ጮኸ፤ ብርሃን በቀዳዳዎቹ ገብቶ ተናኜ ሆድ ላይ ወደቀ።

«ኧረ በእመቤቴ! ምንድነው የሚተኩሱት?» አለችኝ ጠጉሬን ይዛ።

«ልጅሽን ሊቀበሉ ነው። አትስሚያቸው፤ ግፊ!»

ከደጅ የሰደፍ ድምፅ፣ የረዲ ማቃሰት፣ እንደገና የሰደፍ ድምፅ ይመጣል። አንዱ ጠባቂ ዘልቆ ገብቶ አልጋውን ከነሴትዮዋ ሊጎትት ያዘ። በእጄ የነበረውን መቀስ ክንዱ ላይ ተከልኩት። እየጮኸ ወጣ። ያን ጊዜ ሌላ ጩኸት ሰማሁ፤ የብዙ ሴቶች፣ ከገበያው በኩል የሚመጣ።

የሲንቄ ጩኸት ነበር።

ሕፃኗን ተቀብዬ፣ ለእናቷ አስታቅፌ ስወጣ፣ የሰፈራችን ሴቶች ጀርባቸውን ለክሊኒኩ፣ ፊታቸውን ለጠመንጃው ሰጥተው ቆመዋል። ከፊት እናቴ ናት።

«አዴ ወለቴ፣ ዞር በዪ። የመንግሥት ሥራ ነው» አለ ሞረዳ።

«በትሯ ይቻት፤ የእናትህም በትር ናት። ሰው ከሆንክ እለፋት።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ የጎረቤታችን የዓባይነሽ ልጅ ባቻ ነበር። እናቱ ከሰልፉ ውስጥ ጠራችው። «ባቻ! እኔን ረግጠህ ልትገባ ነው?» ባቻ አፈ ሙዙን ወደ መሬት መለሰ። ሌሎቹም እየተያዩ መለሱ።

እስከ ክርኔ ደም እንደሆንኩ ልሰለፍ ስጠጋ አንዲት አሮጊት ገፋችኝ። «ልጃገረድ እዚህ አትቆምም። ሲንቄ የላትም።»

እናቴ ዞር አለች። እኔን አየች። ከዚያ ደፉ ላይ የተቀመጠውን ረዲን አየች፤ ቅንድቡ ተተርትሮ ሥጋው ዓይኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ መዶሻውን አልጣለም። 

«ረዲ፣ ይችን በር አልለቀቅክም። ልጄንስ ትለቃታለህ?»

«አልለቃትም፣ ሃርሜ» አላት። እናቴ ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር።

ሲንቄዋን በሁለት እጇ አንስታ በደም የተለወሰው መዳፌ ላይ አኖረቻት። «እንግዲያው አግብታለች። አሰልፏት!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሠርጌ ይህ ነው። ሚዜዎቼ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ዞሬ ረዲን አየሁት፤ በተረፈው አንድ ዓይኑ ሳቀልኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ሞረዳ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ከተተ። ወደ አጥሩ ሄደ፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ሣሩ ለምለም ነው። በሁለት እጁ ነጨ። መጥቶ እናቴ እግር ሥር አጎነበሰ።

«ሃርሜ፣ በድያለሁ። ቤቱ የሴቶች ነው። ማሩኝ።»

ሳይጠወልግ ሳሩን ተቀበለችው። ሴቶቹ እየዘፈኑ ተበተኑ። አንድም ሰው አልጠረጠረም። መጠርጠር እኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሳር የያዘን እጅ የሚጠረጥር እሱ ራሱ ከሃዲ ነው። የጠፋነው በዚህ ነው።

«የተበሳውን ቆርቆሮ ቀበሌው ይተካል» አለ ሞረዳ ልብሱን እያራገፈ። «ረዲ፣ መጋዘን መጥተህ ምረጥ።»

መርፌዬ ላይ ክር አስገብቼ ነበር። «ቆይ፣ ቅንድብህን ልስፋው» አልኩት።

«ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያውን ልድፈነው። ስመለስ ትሰፊኛለሽ፣ ሲስተር።»

«ሲስተር አይደለሁም።»

«ምን ልበልሽ ታዲያ?»

«ሚስቴ በለኝ።»

ደፍሮ አላለውም። አፈረ። መዶሻውን ይዞ፣ እያነከሰ፣ በጠራራ ፀሐይ ሄደ።

ገበያው ሲበተን አልተመለሰም። ቀበሌ ሄድኩ። ሞረዳ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

«ረዲ? ቆርቆሮውን አይቶ ወጣ። አገሩ ገብቶ ይሆናል። ነጋዴ አይደል፣ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል።»

ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቹን ነፋስ እንዳይበትናቸው የተጫነባቸውን አየሁ። የረዲ መዶሻ ነበር። ዘልዬ ያዝኩት። ጠባቂዎቹ ግራ እጄን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰበሩት፤ መዶሻውን ግን ከቀኜ አላስለቀቁኝም። ዛሬም ቤቴ አለ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው መንገድ ዳር የሚጣለውን ሬሳ እየገለበጥኩ ፈለግኩ። የሌሎች እናቶችን ልጆች አገኘሁ። የእኔን አላገኘሁም። ባቻ ወደ ግንባር ሳይዘምት ለእናቱ ተናዘዘ፤ ዓባይነሽም ለእኔ ነገረችኝ። ረዲ ቆርቆሮ ሊያነሣ ሲያጎነብስ ሞረዳ ከኋላው ተኮሰበት። ሬሳውን ሞረዳ ራሱ በመኪና ጭኖ በዲዴሳ መንገድ ወሰደው። የት እንደጣለው ባቻ አላየም። ባቻ ከግንባር አልተመለሰም።

ክሊኒኩ ክሊኒክ ሆኖ ቀረ። እስር ቤት ለማድረግ የደፈረ ከዚያ በኋላ አልመጣም። ተናኜ ልጇን ሲንቄ አለቻት። የጣሪያውን ቀዳዳዎች ግን ማንም እንዲደፍን አልፈቀድኩም፤ ሲዘንብ ባልዲ እደቅናለሁ። የሚደፍናቸው ሰው አለኝ፤ «ስመለስ» ብሎኛል።

ደርግ ወደቀ። ሞረዳ አልወደቀም። ሸበተ፣ «ኦቦ» ተባለ፣ ለቅሶ ቤት ከፊት ይቀመጣል። ስናገር ሰዎች እጄን ይዘው «ተዪው፣ ድርቤ፤ ጊዜው ነው» ይሉኛል። ጊዜ ጣት አለው እንዴ? ጊዜ ቃታ ይስባል? ጊዜ ነው በእናቴ እግር ሥር አጎንብሶ ሳር የነጨው?

ሞረዳ፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። በቤትህ በኩል ሽማግሌ እንዳትልክብኝ። በጓዳ የሚነገር ይቅርታ አልፈልግም። ሳሩን የያዝከው በአደባባይ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ፣ ገበያው ሞልቶ ሳለ፣ ሲንቄዬን ይዤ ክሊኒኩ ደጅ፣ ያኔ ያጎነበስክባት ቦታ ላይ እቆማለሁ። ናና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስልኝ፦ ባሌን የት ቀበርከው?