ቀለሙን የከዳ ወርቅ

ዶክተር ዘርአጽዮን ከላቦራቶሪያቸው ጠረጴዛ ሥር በጎናቸው ወድቀው ተገኙ። ነጭ ጋወናቸው እንደተቆለፈ ነው፤ አንድ እጃቸው የጠረጴዛውን እግር እንደጨበጠ ቀርቷል። ከራስጌያቸው በላይ አንድ ስኒ ሻይ ቀዝቅዞ ቆሟል። ሞት በጠዋቱ አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ሥራውን ሲጨርስ፣ ከታች በሩዋንዳ መንገድ የታክሲ ረዳቶች እንደወትሮው ይጣሩ ነበር።

ሊፍቱ ስለተበላሸ ኢንስፔክተር ወርቄ ደረጃውን በእግሯ ወጣች። ጉልበቷ በሽተኛ ነው፤ ላይ ስትደርስ ሰው ለመታገስ የሚሆን ትንፋሽ አልቀራትም። ሳጅን ይሕደጎ ግን ጉዳዩን የጨረሰ መስሎት በፈገግታ ተቀበላት።

«ሻዩ ውስጥ ሳያናይድ የሚባል መርዝ አለ፤ ባለሙያዎቹ አረጋግጠዋል። ያፈላችው ኬሚስቷ ፈሂማ ናት። ትናንት ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ፎቁ ሁሉ ሰምቷታል። ሬሳውን ያገኘው ሥራ አስኪያጁ አቶ ፀጋዘአብም ዶክተሩ ሻዩን ሲጠጡ በመስታወቱ በኩል አይቻለሁ ብሏል። አለቀ፣ ኢንስፔክተር። በካቴና ይዣታለሁ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ወርቄ፣ ወደ ስኒው ጎንበስ ብላ። ስኒው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ጠርዙ ላይ የከንፈር ምልክት የለም። «ለመሆኑ አሁን ምን ላይ ነን? ጾም አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል።»

«ታዲያ ሟቹ ይጾሙ እንደሆነ ጠየቅህ?»

ሳጅኑ ፈገግታውን ዋጠ።

ከጠረጴዛው በላይ መደርደሪያ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ቆሟል። ከሥዕሉ ሥር አንድ ላስቲክ ጠርሙስ፣ አንድ ትንሽ ኩባያና ጣት የምታክል ብልቃጥ ነበሩ። ጠርሙሱ የጠበል ነው፤ ውስጡ ተመርምሮ መርዝ አልተገኘበትም። በብልቃጧ ውስጥ ያለውም እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። ወርቄ ብልቃጧን ወደ ብርሃኑ አንስታ አየቻት፤ ምኑም አልገባትም፣ ያልገባት ነገር ደግሞ ያናድዳታል።

ፈሂማ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘቻት። ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው።

«ካቴናውን ፍታላት» አለችው ወርቄ ሳጅኑን። «ሻዩን ለማን አፈላሽው፣ እህቴ?»

«ለዮሃና። የዶክተር የእህት ልጅ ናት፣ የአቶ ፀጋዘአብ ሚስት። ነፍሰ ጡር ስለሆነች አትጾምም። እኔም ዶክተርም ጾመኞች ነን፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። አጎቷ ጋ ቁጭ ብላ ልትጠጣው ነበር፣ ከዚያ ራሴን አመመኝ ብላ ሳትነካው ወጣች። እኔ ለመርዝ ምን አባቴ አውቃለሁ!»

«ትናንትስ ስለ ምን ተጨቃጨቃችሁ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «ስለ መመርመሪያው። እኛ የምንሠራው ወረቀት የነፍሰ ጡርን አደገኛ የደም ግፊት አስቀድሞ ይለያል። አንድ ጠብታ ሽንት ይበቃዋል። ወረቀቱ ላይ በዓይን የማይታይ የደቀቀ ወርቅ አለ፤ ናኖ የሚሉት። ወርቅ እንደዚያ ሲደቅ ቢጫ አይደለም፣ ቀይ ነው። በሽታው ካለ ቀይ መስመር ይወጣል፤ ከሌለ ወረቀቱ ነጭ ይቀራል። አሁን ግን የታመመችውም ጋ ነጭ እየቀረ ነው።»

«ለምን?»

«አቶ ፀጋዘአብ ዕቃውን ቦሌ ለሚ አጠገብ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አከማቸው። ሙቀቱ ወርቁን አበላሸው። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ነጻ ነሽ ተብላ ሄዳ ሞተች። እኔ ዛሬውኑ ይነገር አልኩ። ዶክተር ግን ‹ፀጋዬ የቤቴ ሰው ነው፤ አደባባይ ሳላወጣው መጀመሪያ ለብቻው ልንገረው› አሉ። ጮህኩባቸው። የመጨረሻ ቃሌ ያ ሆነ።»

ወርቄ አጠገቧ ተቀመጠች። ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸውም ነው የገደላቸው ብላ አሰበች። ከዚያ ብልቃጧን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻት። «ይህችስ ምንድን ናት?»

ፈሂማ ብልቃጧን አይታ ደነገጠች። «ማን አጠበው? ይሄ እኮ ውሃ ውስጥ የተበተነ ቀይ ወርቅ ነበር!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶክተር ዘርአጽዮን ጠዋት ጠዋት ጸሎት አድርሰው ጠበል ሲቀዱ ከራሳቸው በፊት ለሥራቸው ያስቀድሙ ነበር፤ ጥቂት ጠብታ ወርቁ ላይ ያንጠባጥቡና የቀረውን ይጠጣሉ። የምንጭ ውሃ ማዕድን ስላለበት ቀዩን ወርቅ ያጓጉለዋል፣ ሰማያዊም ያደርገዋል። ፈሂማ ሥራዬን አበላሹብኝ ብላ ስትነጫነጭ፣ በየቀኑ ቀይ ወርቅ የምትሞላ አንዲት ብልቃጥ ለብቻዋ ተለየችላቸው። ይህን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«ሰማያዊ መሆን ነበረበት» አለች ፈሂማ። «እንዲህ ጠርቶ አያውቅም።»

ዮሃና እንግዳ መቀበያው ክፍል ሶፋ ላይ ጋደም ብላለች። ስምንት ወሯ ነው። ጫማዋ ወልቋል፤ የጋብቻ ቀለበቷን በሐብል አንጠልጥላዋለች። ፊቷ ያበጠው በለቅሶ ብቻ አይመስልም።

«ቀለበቱ ጣትሽ አልገባ አለ?» አለች ወርቄ።

«ከሰኞ ጀምሮ እንቢ አለኝ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይላል። ግን ደህና ነኝ፤ ፀጋዬ በየሳምንቱ በአጎቴ ወረቀት ይመረምረኛል። ዛሬ ጠዋትም ንጹህ ነው ብሎኛል።» ድምጿ ተሰበረ። «አጎቴ ልጄን ሳያቅፉት!»

«የሚጠጡትን ጠበል ማን ያመጣላቸዋል?»

«እኔ ነኛ። ለራሴም ከቦርሳዬ አይለየኝም።»

ወርቄ ከክፍሉ ወጥታ ለሳጅን ይሕደጎ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ሳጅኑ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ።

መጨረሻ ያነጋገረችው ለላቦራቶሪው ወርቅ የሚያቀርቡትን አንጥረኛ ሙዘሚልን ነው፤ ከገርጂ ተጠርተው መጥተዋል።

«ሳያናይድ ሱቄ አለ፣ አልዋሽም። ለወርቅ ቅብ ሥራ ነው» አሉ ሽማግሌው። «የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ወርቅ ሊወስድ ይመጣል። ለሶላት ስነሳ ሱቁን ለማውቀው ሰው ጥዬ እገባለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ሳያናይድ ወርቅ ላይ ምን ያደርጋል፣ ጋሽ ሙዘሚል?»

«ይበላዋላ! ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟው ነው። የደቀቀ ከሆነማ ምንም አያስቀርም።»

ከቀትር በኋላ ሁሉም ላቦራቶሪው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሬሳው ተነስቷል። ፀጋዘአብ ሱፉን እንዳሳመረ ከሚስቱ ወንበር ኋላ ቆሟል።

«ሻዩ አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች ወርቄ። «ስኒው ሙሉ ነው፣ ሰውየውም ጾመኛ። ጾመኛ በጠዋት ከጠበል ሌላ ምን አፉ ይገባል? ጠርሙሱ ግን ንጹህ ነው። ፈሂማ፣ እስቲ ከዚህ ጠርሙስ ቀዩ ወርቅ ላይ አንጠባጥቢ።»

ፈሂማ አንጠባጠበች። ወርቁ ቀይ እንደሆነ ቀረ።

«አሁን ደግሞ ከዮሃና ቦርሳ ካለው።»

ሁለተኛው ቀይ ወርቅ ወይን ጠጅ መሰለ፣ ወዲያው ደግሞ ሰማያዊ ሆነ። ሙዘሚል «ሱብሃነላህ!» አሉ።

«ጠበል እንዲህ ያደርጋል። ስለዚህ በመደርደሪያው ጠርሙስ ያለው ጠበል አይደለም፤ ከሱቅ የተገዛ የተጣራ ውሃ ነው። ዶክተሩ ግን ዛሬም እንደልማዳቸው አንጠባጥበው ነበር፤ ብልቃጧም እንዲህ ጠርታለች። ወርቁን የበላው ሳያናይድ ነው። መርዙ ጠበሉ ውስጥ ነበር፤ ገዳዩ ከሞቱ በኋላ ጠርሙሱን ለወጠ፣ የተረፈውን መርዝ ደግሞ ሻዩ ላይ ጨመረ።»

«ያው ፈሂማ ናታ» አለ ፀጋዘአብ።

«ፈሂማ ብትሆን መጀመሪያ የምትደፋው ይህችን ብልቃጥ ነበር። ጋሽ ሙዘሚል ዶክተሩ ሲሞቱ እዚህ አልነበሩም። ዮሃና ብትሆን እውነተኛ ጠበል ቦርሳዋ ውስጥ እያለ የሱቅ ውሃ ለምን ትሞላለች? የቀረው ሬሳውን አገኘሁ ብሎ የጮኸው ሰው ነው። ብልቃጧን አያውቃትም፤ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሠርቶ አያውቅም። ሻይ ሲጠጡ አየሁ ያለውም እሱ ነው። የማይጾም ሰው የሌላው ጾም ትዝ አይለውም። መርዝ የጨመርክበት ስኒም የሚስትህ ነበር፣ አቶ ፀጋዘአብ።»

ዮሃና አንገቷን አዙራ ባሏን አየችው።

«ተረት ነው!» አለ። «እኔ ዶክተርን የምገድለው ለምንድን ነው?»

«መመርመሪያው አይሠራም ብለው ሊያሳውቁ ስለነበር።»

«መመርመሪያው ትክክል ነው! ማንም ይመርምረው!»

«ትክክል ከሆነ ዮሃናም ጤነኛ ናት» አለች ወርቄ ቀስ ብላ። «ጠዋት ንጹህ ነው ብለሃታል። ራስ ምታቱም ድካም ነው። እንግዲያው መኪናዋን አስነስታ ብቻዋን ሰሚት ቤቷ ትግባ። ልሸኛት?»

ፀጋዘአብ ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ። ዮሃና ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን ይዛለች፤ ጣቶቿ አብጠው ያብለጨልጫሉ። ሰውየው ከወንበሯ ኋላ ወጥቶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ሆስፒታል ውሰዷት» አለ። «ስለ እግዚአብሔር፣ አሁኑኑ ውሰዷት! ወረቀቱ አይሠራም!»

ወርቄ በሳጅኑ ጆሮ ያዘዘችው አምቡላንስ ከጠዋት ጀምሮ በመንገድ መጨናነቅ ሲታገል ቆይቶ ገና ሕንጻው በር ላይ መድረሱ ነበር። ይሕደጎ ሐኪሞቹን ይዞ ገባ። አልጋው ላይ ሲያስተኟት ዮሃና የፈሂማን እጅ እንደያዘች ወደ ባሏ ዞረች።

«ዛሬ ጠዋት ንጹህ ነው ስትለኝ ታውቅ ነበር?»

ፀጋዘአብ አቀረቀረ። ፈሂማ ብቻ ናት አብራት የወረደችው።

አመሻሽ ላይ ሳጅን ይሕደጎ ስልኩን ዘግቶ ወደ ወርቄ ቢሮ ገባ። የፌዝ ፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ልጁ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ተርፏል። እናትየዋ ግን ሰውነቷ ተንቀጥቅጦ ራሷን ስታለች፣ እስካሁን አልነቃችም። ነገ እንኳ ትነቃለች አላሉም።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ፀጋዘአብ በየሰዓቱ ይጠይቃል፣ ኢንስፔክተር። ደህና ናት ልበለው? እስኪነጋ ይረፍ እንደሆነ።»

ወርቄ የሚያማትን ጉልበቷን እያሸች አሰበች።

«አይሆንም» አለች። «እሱ ለሷ እውነቱን አልነገራትም፤ አንተ ግን ለሱ እውነቱን ንገረው።»