ነገ በዚሁ ሰዓት

ፊደል ብስት ይቅርታ አድርጉልኝ። በስልክ ነው የምጽፈው... ዓይኔንም ከመንገዱ ላይ ብዙ ማንሳት አልችልም።

ይህ የሆነ ነገር ነው። ሰው የነገረኝ አይደለም።

የጀመረው ትናንት ነው። ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ጫካ የለ... ሰው በሚተራመስበት ትልቅ ከተማ መሐል።

እኔ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። በትንሿ ከተማችን ሃያ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ። ተማሪዎቼ ዞር ስል "አቶ ፍሬን" ይሉኛል። የማላውቅ ይመስላቸዋል። ስሙ የወጣልኝ ስለምጮህ ነው። "ፍሬን!" ብዬ ስጮህ እግረኛው ሁሉ ይቆማል ብለው ያወራሉ። ትንሽ አጋነኑት እንጂ ውሸታቸውን አይደለም።

የኔ ቦታ ጋቢና ነው። እግሬ ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ተማሪው ሲደነግጥ እኔ እረግጠዋለሁ። ትምህርቱን ሁልጊዜ በአራት ቃላት እጀምራለሁ።

"ቀበቶ። መስታወት። ማርሽ። ሞተር።"

ስጨርስም ሁልጊዜ አንድ ነገር እላለሁ። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ... ጣጣውም የመጣው ከእሱ ነው።

አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። እዚህ ትልቁ ከተማ ታላቅ እህቴ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። ባለፈው ሳምንት ከደረጃ ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ፤ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ አንድ ነገር አስጠንቅቆናል። እግሯ ለሁለት ሳምንት ተዘርግቶ ይቆይ፣ ቅንጣት እንዳይታጠፍ። ከታጠፈ ስፌቱ ይከፈታል።

ትናንት ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ነበር። ጠዋት እኔና እህቴ በዚሁ ተጨቃጨቅን።

"ታክሲ ምን አለው?" አለችኝ።

"ታክሲ ውስጥ እግሯን የት ትዘረጋዋለች?"

"ለሹፌሩ እንነግረዋለን።"

"ሹፌሩ ጉድጓድ ሲያይ ለኔ ልጅ ጉልበት የሚያዝን ይመስልሻል? መኪና እከራያለሁ፤ ራሴ ነድቼ አመጣታለሁ።"

"አንተ እዚህ ከተማ ነድተህ አታውቅም።"

"እኔ? መንዳት የማላውቀው እኔ ነኝ?"

"ኧረ እንደሱ አልወጣኝም! መንገዱን አታውቀውም ነው ያልኩህ።"

ልጄም በስልክ ተማጸነችኝ። "አባዬ፣ በናትህ ታክሲ ይበቃናል።"

"ለምን?"

"አንተ መኪና ውስጥ ስትገባ ትጮሃለሃ። ስትጮህ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል።"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ምነው ያኔ በሰማኋት ኖሮ።

የመኪና አከራዩ ቤት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። አከራዩ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ ነው። ሁለት መኪና አሳየኝ፤ ሁለቱም የኋላ ወንበራቸው ጠባብ ነበር።

ሦስተኛዋን ያየኋት እኔው ነኝ። ጥግ ላይ፣ ጥላ ሥር ቆማለች። ነጭ ናት። ጣሪያዋ ላይ የሆነ ሰሌዳ ተነቅሎ ምልክቱ ቀርቷል። የጋቢናውን በር ስከፍት...

ሁለተኛ ፍሬን።

"ይቺ የማሰልጠኛ መኪና ነበረች!" አልኩ በደስታ።

"ነበረች" አለ አከራዩ።

"በቃ፣ ይቺን ነው የምፈልገው።"

ወደ ሁለቱ መኪናዎች አመለከተኝ። "ሌሎቹ ይሻሉዎታል።"

"ምን ጉድለት አላት?"

"ጉድለትስ የላትም። የሹፌሩ ወንበር ብቻ... ወደ ኋላ ሲገፉት አይቆይም። ተመልሶ ወደ ፊት ይመጣል።"

"ወንበር ማስተካከል ለኔ የዕለት ሥራዬ ነው" አልኩት።

ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። በእስክሪብቶ ጫፍ ገፋ ገፋ አድርጎ ወደኔ አስጠጋው። በእጁ አልነካውም። ያኔ ልብ አላልኩም... አሁን ነው ትዝ የሚለኝ።

ስህተቴን የሠራሁት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሌላ ሰው አይሠራውም፤ የኔ ቢጤ ብቻ ነው።

ቁልፍ ይዤ፣ እግሬ እንደለመደው ወደ ጋቢናው በር ወሰደኝ። ገባሁ። ቀበቶዬን አሰርኩ። ከዚያም ባዶውን የሹፌር ወንበር እያየሁ፣ አፌ እንደለመደው...

"ቀበቶ። መስታወት። ማርሽ። ሞተር።"

ብዬ በራሴ ሳቅሁ። አረጀህ አንተ ሰውዬ አልኩ።

ቀጭ።

ዞር አልኩ። የሹፌሩ ቀበቶ ታስሯል። ባዶ ወንበር ላይ።

ቀድሞም ታስሮ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ዞሬ ሄጄ ስፈታው ግን ብረቱ ሞቅ ብሎ ነበር። መኪናዋ የቆመችው ጥላ ሥር ነው...

ወንበሩ ከመሪው ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። መስታወቱም ወደ ታች ተዘቅዝቋል፤ አጭር ሰው እንደሚያደርገው። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁት። ሐዲዱን አየሁት፤ ደህና ነው፣ ይይዛል።

ነዳሁ። መንገዱ እህቴ እንዳለችው ነበር፤ ከየት እንደሚመጡብህ አታውቅም። አንድ መታጠፊያ ላይ ምልክት ማሳየት ረስቼ በራሴ ተናደድኩ።

"ፍሬቻ!"

እጄን ሳላነሳ ፍሬቻው በራ።

እጄ ነው፣ ሳላስበው ነክቼዋለሁ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ሰው ራሱን ለማሳመን የሚያንሰው ነገር የለም።

ሆስፒታሉ ዳገት ላይ ነው። በሩ ላይ አቁሜ፣ ቆልፌ ገባሁና ልጄን ይዤ ወጣሁ። ነርሷ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋታለች። ልጄ መድኃኒቱ ስላልለቀቃት ዓይኗ ይከደናል። ነርሷ ከኋላ ወንበር ላይ በጎን አስተኛቻት፤ እግሯን ዘርግታ ተረከዟ ሥር ትራስ አደረገችላት።

ቀና ስትል ወደ ፊት አየት አደረገች።

"ለሹፌሯ ይንገሯት" አለችኝ። "ጉድጓድ ላይ ቀስ ትበል።"

"የቷ ሹፌር?"

አልሰማችኝም። ወንበሩን እየገፋች ገባች።

የኋላውን በር ዘጋሁት። በመስኮቱ አየሁ። ወንበሩ ወደ ፊት ተመልሷል... ቀበቶውም ታስሯል።

ሞተሩ ተነሳ።

ኪሴን ዳበስኩ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።

የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ወረደ። መኪናዋ ቁልቁል፣ የጭነት መኪና ወደሚመላለስበት አውራ ጎዳና መንሸራተት ጀመረች። ልጄ ውስጥ ናት። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። የጋቢናውን በር ከፍቼ ዘልዬ ገባሁ። ሁለተኛውን ፍሬን ረገጥኩት...

ላላ። ወለሉን ነካ። ምንም አልያዘም።

"ፍሬን!" ብዬ ጮህኩ።

መኪናዋ ቀጥ አለች። ልጄ ተወርውራ ከፊት ወንበር ጋር ተላተመች።

"ጉልበቴ! አባዬ ጉልበቴን!"

በሩን ልከፍት ታገልኩ። ተቆልፏል። የኋላውም ተቆልፏል። መኪናዋ እየተንገጫገጨች እንደገና ተነሳች፤ ፍሪሲዮን መልቀቅ እንደማይችል ጀማሪ። አውራ ጎዳናው ውስጥ ገባን። መሪው ብቻውን ይዞራል... ፔዳሎቹ ብቻቸውን ይረገጣሉ።

"ግራ! ግራ ያዝ! ምን ሆነሃል!"

በጮህኩ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። በጮህኩ ቁጥር መኪናዋ ትንገጫገጫለች፤ ልጄም ታቃስታለች። አደባባዩ ላይ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ ክላክሱ አደነቆረን።

ያኔ ልጄ በደከመ ድምፅ አንሾካሾከች።

"አባዬ..."

"ወዬ ልጄ።"

"አትጩህባት።"

"ማን ላይ?"

"እያለቀሰች ነው።"

ባዶውን ወንበር አየሁ። ከዚያ የልጄን ጉልበት አየሁ፤ በፋሻው ላይ ሳንቲም የሚያህል ቀይ ነገር ወጥቷል።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ተማሪ አይዞህ ብዬ አላውቅም።

"አይዞሽ" አልኩ። "ምንም አይደል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ያጠፋዋል። ማርሹን ዜሮ... ጎሽ። አሁን ሞተር።"

ሞተሩ ተነሳ።

"ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርገሽ... እንደሱ። ትንሽ ነዳጅ።"

መኪናዋ ውኃ ላይ እንዳለች ተንሳፈፈች።

አርባ ደቂቃ እንዲህ ሄድን። አጠገባችን ያለፉ ሹፌሮች አንዳቸውም አልገረማቸውም። አንዱ እንዲያውም ቅድሚያ ሰጥቶን፣ ወደ ባዶው ወንበር እጁን አውለበለበ። እኔ ለስለስ ባለ ድምፅ እመራለሁ... ልጄ ተኝታለች። ጉድጓድ ሲያጋጥም ቀስ በይ እላለሁ፤ ቀስ ትላለች። እህቴ በር ላይ ስንደርስ እንዳልኳት ጥግ ያዘች። እኔ ራሴ እንደዚያ አስተካክዬ አላቆምም።

በሮቹ ተከፈቱ። ላብ አጥምቆኛል። ልጄ ደህና ናት፣ ቤት ደርሰናል። ደስታው ይሁን ድካሙ አላውቅም... ለሃያ አንድ ዓመት ትምህርት ስጨርስ የምለው ነገር ከአፌ አመለጠኝ።

"ጎበዝ። ነገ በዚሁ ሰዓት።"

ቀጭ አለ። ቀበቶው ተፈታ።

ዛሬ ጠዋት አከራዩ ራሱ በመጎተቻ መኪና መጥቶ ወሰዳት፤ እኔ አልነዳም ስላልኩት። ሰንሰለቱን ሲያስር ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ስትጨርሱ ምን አሏት?"

"ማንን?"

"ሲለያዩ... ምን አሏት?"

"ምንም" አልኩት። ዋሸሁ።

በረጅሙ ተነፈሰ። "ጥሩ አደረጉ" ብሎኝ ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እህቴ መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። እኔ ሳሎን ነበርኩ። ልጄ መኝታ ቤት ተኝታለች፤ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

ከውጭ ክላክስ ተሰማ። ሁለት ጊዜ። አጭር፣ የሚያፍር ሰው በር እንደሚያንኳኳው።

ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ባዶ ነው። ክራንቿ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። ያለሱ አንድ እርምጃ መራመድ አትችልም...

በመስኮት አየሁ። ነጯ መኪና በር ላይ ጥግ ይዛ ቆማለች፤ ትናንት ባስተማርኳት ቦታ። በኋላው መስኮት በፋሻ የተጠቀለለ እግር ይታየኛል። የጋቢናው በር ተከፍቷል።

ምን ታደርጉ ነበር? ወረድኩ። የኋላውን በር ብጎትተው አልከፈት አለኝ። ልጄ ተረከዟ ሥር ትራሷ በደንብ ተስተካክሎላት ዓይኗን ጨፍናለች። ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። በሩ ተዘጋ።

"አባዬ..." አለች ዓይኗን ሳትከፍት።

"አለሁ።"

"ዛሬ ሩቅ እንሄዳለን ብላለች።"

ቀበቶዬን አሰርኩ።

አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ፀሐይዋ ገና አለች። የነዳጅ መለኪያው ዜሮ ካለ ቆይቷል፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። አልጮህኩም። አንድ ጊዜም። ያልኳትን ሁሉ ታደርጋለች፤ እኔም ሳታውቅብኝ፣ መንገድ በመንገድ እያዞርኩ ወደ እህቴ ቤት እየመለስኳት ነው።

ይኸው ሰፈሩ ታየኝ። እህቴ የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛ በር ላይ ቆማለች፤ ግራና ቀኝ ትፈልገናለች። አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው የቀረን።

"ጎበዝ የኔ ልጅ" አልኳት ለስለስ ብዬ። "አሁን ወደ ግራ።"

የቀኙ ፍሬቻ በራ።