እንጨት ያልያዘው ኦርኪድ

ምንትዋብ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሥራ ነበራት፤ የወንድሟን ጣቶች ማሸትና ለኦርኪዶቿ ውሃ መርጨት። የትኛው እንደሚቀድም የሚወስነው ሰማዩ ነበር። ብርሃን በረንዳው ላይ ቶሎ ከገባ ከአበቦቹ፣ ደመና ከሆነ ከአምሳሉ ትጀምራለች። አምሳሉ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ወዲህ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎት፣ አንደበቱም ተይዞ፣ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ በረንዳው ጥግ ይውላል። ሐኪሙ፣ "እስከ ፋሲካ ጣቶቹ ካልተንቀሳቀሱ ብዙ ተስፋ አታድርጊ" ብሏት ነበር። ፋሲካ ካለፈ ቆይቷል። እሷ ግን ማሸቷን አልተወችም። ዕድሜዋን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሳ የፈጀች ሴት ናት፤ የሌለውን አለ ብላ አታውቅም፣ ያለውም አምልጧት አያውቅም። ጣቱ አንድ ቀን ቢንቀሳቀስ መጀመሪያ የምታየው እሷ ነበረች፤ ለዚያች ቀን ስትል ሌላውን ሁሉ ትታለች።

ኦርኪዶቿ አፈር አያውቁም። በግድግዳው ላይ በሽቦ የተንጠለጠሉ የዋንዛና የወይራ ቁራጮችን አቅፈው ይኖራሉ። አሠራሯ አይለወጥም። ቅርፊቱ ሻካራ የሆነ እንጨት ትመርጣለች፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፋ ፀሐይ ላይ ታደርቀዋለች፣ ከቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት ጥቂት አርጥባ ታነጥፍበታለች፣ ከዚያ ተክሉን አስደግፋ በአሮጌ የናይለን ካልሲ ቅዳጅ ጥብቅ አድርጋ ታስረዋለች። የላላ እስር ተክል ይገድላል። ሥር የሚነቃነቅ ነገር አይወድም፤ የተረጋ ነገር ሲያገኝ ብቻ ነው ቅርፊቱ ላይ ተለጥፎ የሚሄደው። "ዛፉን አይበላውም?" ብለው ለሚጠይቋት ጎረቤቶች፣ "ምን በወጣው! ይዞት ይኖራል እንጂ" ትላለች።

በመስከረም የኦርኪድ ወዳጆች ዓመታዊ ትርዒት ላይ እንደ ልማዷ አንድ ያበበ ቁራጭ ይዛ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ የተቀበለቻት ወዳጇ ወይዘሮ ፋንቱ ነበረች፤ በየዓመቱ የምትፎካከራት ሴት።

"ምንቴ፣ አሁንም ጉቶ ተሸክመሽ መጣሽ? የማገዶ ውድድር መሰለሽ እንዴ?"

"ያንቺ በሸክላ ተቀምጦ የሚቀለብ የቤት ልጅ ነው፤ የኔ ሠርቶ አደር ነው።"

ተሳስቀው ተለያዩ። በአዳራሹ መጨረሻ አቶ አደሎ የሚባሉ ከማሻ የመጡ ሽማግሌ ከጫካ የለቀሙትን ተክል ደርድረው ተቀምጠዋል። ከሁሉ ዳር፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ አበባ የሌለው፣ ቅጠሉ ወደ ጥቁረት ያደላ አንድ ኦርኪድ ነበር። ሥሮቹ ወፋፍራምና ነጫጭ ናቸው። አንዳቸውም ላይ የቅርፊት ፍርፋሪ የለም።

"አባቴ፣ ይኼ ምን ዛፍ ላይ ነው የበቀለው?"

"የወደቀ ነገር ላይ ነው ያገኘሁት" አሉ ሽማግሌው። ቀጥለው ፊቷን አዩ። "ቤትሽ ሰው አለ?"

"ወንድሜ አለ። ታሞ ተቀምጧል።"

"እንግዲያው ውሰጂው። ብቻውን መዋል አይወድም።"

የአገር ቤት ጨዋታ ነው ብላ ፈገግ አለች። ሽማግሌው ሲያቀብሏት ግን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው እንደነበር አየች።

ተክሉ እንጨት እምቢ አለ። ዋንዛ ላይ አሰረችው፤ ሥሮቹ ቅርፊቱን ሳይነኩ ወደ አየሩ ተነሡ። ፈትታ ወይራ ላይ አሰረችው፤ ያው ሆነ። እስሩን ባጠበቀች ቁጥር ሥሮቹ ከእንጨቱ ይበልጥ ይርቃሉ፤ የሚጠላውን ሰው ላለመንካት ክንዱን እንደሚሰበስብ እንግዳ። አረንጓዴ ጫፎቻቸው የዞሩት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ወደ አምሳሉ ወንበር።

ከእርጥበት ይሆናል አለች። ከነፋስ ይሆናል አለች። ተክሉን ወደ ማዶው ግድግዳ ወሰደችው፤ ጫፎቹ ቀናት ሳይቆዩ ተጠምዝዘው ወደ ወንበሩ ተመለሱ። ወንበሩን ከነአምሳሉ አዛወረችው፤ ተከተሉት። በመጨረሻ አምሳሉን መኝታ ቤት አስተኝታ ባዶውን ወንበር በረንዳው ላይ ተወችው። ከሰዓት በኋላ ስታይ ሥሮቹ ወንበሩን ትተው፣ ከእንጨቱ ላይ ቀና ብለው፣ ወደ መኝታ ቤቱ በር ተቀስረው ነበር። ከዚያ ወዲያ መፈተን አቆመች።

መቀመጥም አቃታት። ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ትተወዋለች፣ ልብስ ነክራ ትረሳዋለች፣ ከኩሽና ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ኩሽና ትመላለሳለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲቆም፣ ጠብታው ከጣሪያው ጠርዝ እየሳሳ ሲሄድ፣ ደረቅ ነገር በደረቅ ነገር ላይ የሚጎተት ዓይነት ድምፅ፣ ጥፍር ወረቀት ላይ ሲሄድ የሚሰማ የሚመስል፣ ከበረንዳው በኩል ይመጣል። ስትደርስ ዝም ይላል። ሽታ ብቻ ይቀራል፤ ፀሐይ አግኝቶ የማያውቅ አፈር ሽታ፣ በውስጡም የታመመ ሰው አንሶላ የመሰለ ጣፋጭነት አለበት።

አንድ ቀን ከሰዓት ልብስ አስጥታ ስትመለስ እንጨቱ ባዶውን ይወዛወዛል። የካልሲው ቅዳጅ መሬት ወድቋል፤ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮው ተፈትቷል። ተክሉ አምሳሉ ጭን ላይ ነበር። አንዱ ነጭ ሥር በቀኝ እጁ አንጓ ላይ፣ ቆዳው ላይ ተለጥፎ ተጋድሟል። የሞተው እጁ ጠቋሚ ጣት ደግሞ ወንበሩን በቀስታ ይመታል።

ምንትዋብ ተንበርክካ አየች። ሥሩን በጥፍሯ ጫፍ ከቆዳው ላይ አላቀቀችው፤ ጣቱ ቆመ። ሥሩን መልሳ ቆዳው ላይ አስተኛችው፤ ጣቱ ተነሣ። ደግማ አላቀቀችው፤ ቆመ። የአምሳሉ ዓይኖች ፊቷ ላይ ነበሩ፤ እንባ ሞልተዋል። ያንን ነገር ነቅላ እሳት ውስጥ ልትጥለው እንደሚገባ ገብቷት ነበር። እጇ ግን ወለሉ ላይ የወደቀውን ቅዳጅ አነሣ። የላላ እስር ተክል ይገድላልና፣ ተክሉን ከወንድሟ ክንድ ጋር፣ ዕድሜ ልኳን እንዳደረገችው ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

ከዚያ ወዲህ አምሳሉን እየተሻለው ሄደ። ሰፊ እጅጌ ያለው ሸሚዝ ሰፋችለት፤ ጠዋት ጠዋት እጅጌውን ገልጣ ለተክሉ ውሃ ትረጫለች። ጣቶቹ ተዘረጉ፣ ማንኪያም ያዙ፤ የሚበላው ግን እያነሰ መጣ። አንድ ጠዋት "ውሃ" አለ። ሌላ ቀን "እትዬ" ሲላት ኩሽና ገብታ ፊቷን በፎጣ ሸፍና አለቀሰች። ሥሮቹ ክንዱን ተሻግረው ወደ ትከሻው ወጥተው ነበር፤ በዚያ ዓመት ያደገው ብቻ በሕይወቷ ካየችው የኦርኪድ ዕድገት ሁሉ ይበልጣል። ማሸቱን ግን ትታዋለች። እጁ ይቀዘቅዛል።

ዓመቱ ዞሮ መስከረም ሲጠባ የተክሉ ቅጠሎች መጠውለግ ጀመሩ። የአምሳሉም ድምፅ እየከሳ ሄደ። ጣቶቹ ማንኪያውን ጣሉት። ውሃ ጨመረች፣ ጥላ ለወጠች፣ ምንም አልረዳም። ጥቂት እንዲበላ ልትለምነው አጠገቡ በተንበረከከች ጊዜ፣ ከታመመ ወዲህ ያልሰማችውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

"እትዬ፣ ሰው ወዳለበት ውሰጂኝ።"

ሰው የሚሰበሰብበት ቀን ቅርብ ነበር። የትርዒቱ ዕለት ታክሲ ተኮናትራ ወሰደችው። በመንገድ ላይ፣ እንዲያው ከልማድ፣ የግራ አንጓውን በሁለት ጣቶቿ ያዘች። ትርታ የለም። ቦታ ቀይራ ያዘች። የለም። አንገቱን ዳበሰች፤ ቆዳው ከሥር ዝም ያለ ነበር። አምሳሉ በመስኮቱ የሚያልፉትን ሰዎች እያየ ፈገግ ብሏል። ምንትዋብ እጇን ሰብስባ ጭኗ ላይ አኖረችው። ሹፌሩ ሬዲዮ ከፈተ፤ እሷ የወንድሟን ኮሌታ አስተካከለች።

"እንዴ! አምሳሉ! ተሻለህ?" ፋንቱ ከአዳራሹ በር ጀምራ እየጮኸች መጣች። "እግዚአብሔር ይመስገን! እሷማ ደብቃን ነው!" ቀኝ እጁን ጨበጠችው፤ እንደ ወጉም ሳትለቅ፣ እንዴት ነህ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ እህትህ አስለቅሳን ነበር እኮ፣ እያለች እየነቀነቀችው ቆየች። አምሳሉ ሳቀ። ከመታመሙ በፊት የሚስቀው፣ ከሆዱ የሚወጣው የድሮ ሳቁ ነበር። ፋንቱ መዳፏን እያሻሸች ወደ አበቦቿ ሄደች።

"እጅሽን ምነው?" አለቻት ምንትዋብ።

"እኔ እንጃ፣ ደነዘዘኝ። ብርዱ ነው።"

ምንትዋብ የወንድሟን አንጓ ያዘች። ከቆዳው ሥር፣ እጅግ ሩቅ፣ አንድ ምት መጣ። ጠበቀች፤ ሌላ መጣ። ከውድድሩ ዳኞች አንዱ፣ አንድ ጎልማሳ፣ ቀርቦ "እንኳን ማረህ" እያለ የአምሳሉን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ። ምቱ ከጣቶቿ ሥር ፈጠነ፣ ሞቀ፣ የሰው ትርታ ሆነ። የአምሳሉ ጉንጭ ቀላ። በእጅጌው ውስጥ አንድ ነገር ሲላወስ ጨርቁ በቀስታ ተንቀሳቀሰ።

በአዳራሹ ማዶ ፋንቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሸክላዋ ከእጇ ወድቆ እግሯ ሥር ተሰብሯል፤ ሰው ሁሉ ስብርባሪውን ሊለቅም አጎንብሷል። ምንትዋብን ቀጥ ብላ እያየች ልትጠራት ትሞክራለች፣ የአፏ ቀኝ ጎን ግን ወደ ታች ተንጋዶ አልታዘዝ ብሏታል። ያንን ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ያየችው ምንትዋብ ብቻ ናት።

"እትዬ" አለ አምሳሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ "ዛሬ ደስ ብሎኛል።"

ምንትዋብ የወንበሩን ፍሬን ለቀቀች፤ ከሚገባው ሰው ማንም ሳይጨብጠው እንዳያልፍም ወንድሟን ቀስ አድርጋ ወደ መግቢያው በር አዞረችው።