የደቻሳ ቦቲ

ደቻሳ በገዛ ማሳው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ቦቲዎቹ ከእግሩ ወልቀው፣ በቤተክርስቲያን ደጃፍ እንደሚቀመጥ ጫማ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ግንቦት 2006 ነበር፤ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሱሉልታን ሊውጥ ነው ተብሎ የጫንጮ መንገድ በድንጋይ የተዘጋበት ሰሞን። አንገቱ ላይ የጣት ምልክት ስለታየ አገሩ ገዳዩን ወዲያው አገኘ፤ ኤልቃና። ከደቡብ መጥቶ ለቀያሾች ችካል የሚመታ የቀን ሠራተኛ ነው። በዋዜማው ደቻሳ ችካሉን ነቅሎ ሲወረውርበት «ቆይ ብቻ!» ብሎታል። ድሃን ለማሰር ይቺ ትበቃለች።

የተላከችው ኢንስፔክተር የወይንሐረግ ነበረች። ጭቃው ለእሷ፣ ማዕረጉ ለሌላው፤ የመሥሪያ ቤቷ ልማድ ነው። በቅድሚያ የሟቹን ሚስት ጂቱን ቤቷ ሄዳ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ስትደርሺ ማን ነበር?»

«አጠገቡ ማንም አልነበረም። ያ ችካል መቺ ብቻ ከማዶ ቆሞ ያያል። ባሌን ገለበጥኩት፤ አፉ ጭቃ ሞልቷል።»

«ቦቲውን አንቺ ነሽ ያወለቅሽው?»

«ባሌ ሞቶ ጫማ ላወልቅ? ምን ነካሽ!»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ዲሪርሳ ገባ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» አለች የወይንሐረግ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ።

«እንዳየሽን ነን፣ ልጄ።»

ጂቱ ከእሳት የወረደ ሻይ ቀዳችላቸው። የወይንሐረግ ብርጭቆውን ነክታ ተወችው። ዲሪርሳ በሙሉ መዳፉ ጨበጠው።

«አያቃጥልዎትም?»

«የገበሬ እጅ ነው።»

«ያን ቀን የት ነበሩ?»

«ሽማግሌ ልጠራ ሄጄ፣ መንገድ ተዘግቶብኝ ስመለስ ነው መሞቱን የሰማሁት።»

ከዚያ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ ኤልቃና ወደታሰረበት ሄደች።

«መብረቅ ሲወርድ ሰውየው ወደቀ» አላት። «ቀጥሎ አንድ ሰው ጎንበስ ሲልበት አየሁ። በዝናቡ አልለየሁትም።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? "እኔ" ከማለቴ ድንጋይ አነሱ።»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በስልክ የነገራት ሁለት ነገር ነው፦ ደረቱን መብረቅ መትቶታል፤ ሳንባው ውስጥ ግን ጭቃ ውሃ አለ።

በማግስቱ ጂቱንና ዲሪርሳን ወደ ቀበሌው አስጠራች። ውጭ ሕዝቡ «ስጡን!» እያለ ይጮኻል። ኤልቃና ካቴናውን እያየ ተቀምጧል።

«ደቻሳን ማንም አላነቀውም» ብላ ጀመረች። «አንቆ የሚገድል ሰው የአውራ ጣቱን ምልክት በሌላው ወገን ይተዋል። እዚህ ሦስት ጣት ነው፣ በአንድ ወገን። የልብ ትርታ የሚፈልግ ሰው አነካክ ነው። ቦታው በልዟል፤ ሬሳ ደግሞ አይበልዝም። ደቻሳ በሕይወት ነበር።»

«ታዲያ ትርታውን እንዴት አጣው?» አለች ጂቱ።

«ጣቱ ስለማይሰማው። ስለማይሰማውም ነው እስኪበልዝ የተጫነው።» ወደ ዲሪርሳ ዞረች። «ኦቦ፣ ሞቱን ሳይሰሙ ሽማግሌ ለምን ሊጠሩ ሄዱ? ያ ሻይስ?»

ዲሪርሳ እጁን ጋቢው ውስጥ ሊከት ሞከረና ተወው።

«ጎረምሳ ሳለሁ ስናርስ መብረቅ መታን። በሬው ሞተ፣ እኔ ተረፍኩ። መንደሩ በሙሉ ስለ በሬው ጠየቀ። ስለ እጄ የጠየቀኝ የለም። እኔም ዝም አልኩ።»

«ቦቲውስ?»

«የአባታችን ልማድ ነው። መብረቅ የመታው ሰው ጫማው ወልቆ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ይተኛል፤ መሬት እሳቱን እስክትወስድ፣ ሽማግሌ እስኪመጣ አይነሳም። ቄሱ አውግዘውታልና ደበቅኩ። የአንገቱን ምልክት ሲያወሩ ግን እኔም ይሄ ልጅ አንቆት ይሆናል አልኩ። እኔ ስደርስ ሞቶ ነበር፣ ልጄ። አይላወስም ነበር።»

«አልሞተም ነበር፣ ኦቦ። መብረቅ ነርቭን ያደነዝዛል። እጅና እግር እንደ በድን ይቀዘቅዛል፣ አይላወስም፤ ብዙ ጊዜ ግን በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። ደቻሳ ቀና ማለት አቅቶት ጭቃውን ሳበው።»

ጂቱ ተነሥታ የዲሪርሳን ቀኝ እጅ ያዘችና የገዛ አንገቷ ላይ ጫነችው።

«አንቱ ኦቦ፣ እኔስ? አለሁ ወይስ ሞቻለሁ?»

ዲሪርሳ ረጅም ጊዜ ተጫነ። አንገቷ ቀላ።

«አይታወቀኝም፣ ጂቱ።»

የወይንሐረግ የኤልቃናን ካቴና ፈታች። ዲሪርሳ ሳይጠየቅ በሩን ከፍቶ ወጣና ለሕዝቡ በኦሮምኛ ሁሉንም ተናገረ፤ ወንድሙን ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ያስተኛው እሱ ራሱ እንደሆነ።

ከሕዝቡ መሃል ጉምጉምታ ተነሣ።

«ፖሊስ አስጠንቶት ነው!» አለ አንዱ።

«ወንድም ወንድሙን? ይሄን ለሌላ ንገሩ!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ኤልቃና ከወንበሩ አልተነሣም። ሁለት እጁን ወደ ኢንስፔክተሯ ዘረጋ።

«እባክዎ እትዬ፣ ካቴናውን ይመልሱልኝ። የታሰረ እንኳ ጠባቂ አለው።»

ካቴናውን መለሰችለት።