አስራ አንደኛው ሸራ

«ስንት ቀረ?» ሲሉ የጀልባ ውድድሩ ኃላፊ ሴኞር ማሲንጌ በሬዲዮ ጠየቁ።

ዙልሚራ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከዓይኗ ሳታነሳ፣ «ሁለት ጀልባ» አለች። «‹እግዜር ያውቃል› እና ‹ትዕግሥት›።»

«ቁጥራቸውን እያየሽ ነው?»

«እያየሁ ነው፣ ሴኞር።»

ዙልሚራ የቆመችው በኢንያምባኔ ወደብ ዳር ካለው አሮጌ መጋዘን ጣሪያ ላይ ነው። ከአጠገቧ ባለው እንጨት ላይ ቀይ ባንዲራ ይውለበለባል። ከሥሯ ደግሞ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ወደ ማሺሼ የሚሄደው ትልቁ ጀልባ ሰው ጢም ብሎበት ታስሮ ይጠብቃል። ተወዳዳሪዎቹ አስራ አንድ የሸራ ጀልባዎች ውሃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ በርሜል አልፈው እስኪጨርሱ ድረስ ባንዲራው አይወርድም፤ ባንዲራው ሳይወርድ ደግሞ ትልቁ ጀልባ ንቅንቅ አይልም። ደንቡ የወጣው አምና ነው። የትልቁ ጀልባ ሞገድ አንዱን ተወዳዳሪ ገልብጦ የአንድ ሰው እግር ከተሰበረ በኋላ ማለት ነው።

ችግሩ ባሕሩም የራሱ ደንብ አለው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ውሃው ይሸሽና አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። ትልቁ ጀልባ ከዚያ በፊት ካልሄደ እስከ ምሽት ድረስ መሄድ አይችልም።

«አንቺ ልጅ!» አለች ከታች የኮኮናት ዘንቢል የታቀፈች ሴት። «ባሕሩ እስኪደርቅ ነው የምንጠብቀው?»

«የእኔማ እንቁላል ሊፈለፈል ነው!» አለ ከኋላዋ አንድ ሰውዬ። ተሳፋሪው ሳቀ። ዙልሚራ ግን አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ጋለ።

ይህን የቆጣሪነት ሥራ ያገኘችው በአጋጣሚ አልነበረም። በየሸራው ላይ ቁጥር ተቀብቷል፤ ነገር ግን ሸራው በነፋስ ሲታጠፍ ከሩቅ ሦስቱ ስምንት፣ ሰባቱ አንድ ይመስላል። የዙልሚራ እናት ደግሞ ሸራ ሰፊ ናት። የሰላጤው ግማሽ ሸራ በእናቷ መርፌ አልፏል፤ የማንኛው ግርጌ ላይ የዱቄት ጆንያ እንደተለጠፈ፣ የማንኛው መሐል ላይ የአልጋ ልብስ እንዳለ ዙልሚራ በቃሏ ታውቀዋለች። የውድድሩ ኮሚቴ ሰዎች «የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት ጀልባ የምታቆም?» ብለው ሲያጉረመርሙ ሴኞር ማሲንጌ፣ «እናንተ ጨርቅ ነው የሚታያችሁ፤ እሷ ስም ታነባለች» ብለው ተከራከሩላት። ከዚያ ግን ለብቻዋ ጠርተው አንድ ነገር አስጠነቀቋት። «ቁጥሩን ሳታዪ እንዳትቆጥሪ።»

አጠገቧ ጣሪያው ላይ ተቀምጣ ሰዓትና ስም የምትመዘግበው ካንዲዳ ናት። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። የ‹ትዕግሥት› ካፒቴን ፌሊዛርዶ የካንዲዳ ታላቅ ወንድም ነው፤ ለአሸናፊው የሚሰጠው አዲስ የጀልባ ሞተር ደግሞ እነካንዲዳ ቤት ከገና ጀምሮ የሚወራ ወሬ ነው።

«‹እግዜር ያውቃል› አለፈ። ቁጥር አራት» አለች ዙልሚራ።

ካንዲዳ ጻፈች። «አስር።»

ወዲያው ከውሃው ነጸብራቅ ውስጥ ሌላ ሸራ ወጣ። መሐሉ ላይ ሰማያዊ እራፊ አለው። ያን እራፊ ዙልሚራ የትም ብታየው አትስተውም፤ ያጠራት የትምህርት ቤት ቀሚሷ ነበር፤ ባለፈው ዝናብ በገዛ እጇ ቀድዳ የሰፋችው። ሸራው ታጥፎ ስለነበር ቁጥሩ አልታየም።

«‹ትዕግሥት› ነው!» አለች። «ካንዲ፣ እነፌሊዛርዶ ናቸው አይደል?»

ካንዲዳ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ፣ «ቀሚስሽ ነዋ» አለች።

«አስራ አንድ!» አለች ዙልሚራ በሬዲዮው።

«ቁጥሩ?»

ከታች ሰዉ እያጨበጨበ «አውርጂው! አውርጂው!» ይላል። የ‹ትዕግሥት› ቁጥር ሰባት መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

«ሰባት» አለች።

ባንዲራው ወረደ። ትልቁ ጀልባ ጡሩንባውን ነፍቶ ተንቀሳቀሰ። የኮኮናቷ ሴት እንኳ እጇን አውለበለበችላት፤ ዙልሚራ ሸክም ከጀርባዋ የወረደላት ያህል ቀለል አላት። መነጽሩን እንደገና ያነሳችው እንዲያው ለደስታዋ ነው።

ባለሰማያዊ እራፊው ጀልባ በርሜሉን አልፏል፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው መስመር አልዞረም። የዞረው ወደ ዓሣ ገበያው ነው። አተኩራ ስታይ ጀልባው ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ሰውና ሁለት ቅርጫት። ተወዳዳሪ ጀልባ ላይ ግን አራት ሰው ነው የሚሳፈረው። ተወዳዳሪ ደግሞ ወደ ዓሣ ገበያ አይዞርም።

መነጽሯን ወደኋላ መለሰች። ከአሸዋው ደሴት ጀርባ አይታው የማታውቀው፣ አንድም እራፊ የሌለው ነጭ ሸራ አንድ ጎኑን ተደፍቶ እየበረረ ወጣ። አራት ሰዎች ጠርዙ ላይ ተንጠልጥለዋል። የሚመጡት በቀጥታ ትልቁ ጀልባ ወደሚሄድበት መስመር ነው።

«ካንዲዳ፣ ያ ማነው?»

ካንዲዳ ደብተሩ ላይ ይበልጥ አቀረቀረች።

«ካንዲዳ!»

«ማሺሼ ካለው አጎታችን ተውሰው ነው» አለች ካንዲዳ፤ ድምጿ አነሰ። «አዲስ ሸራ ነው፤ ሰባት ቁጥር ቀብተውበታል። አሮጌውን ዛሬ ጠዋት ለጎረቤታችን ሰጡት፤ ዓሣ ሊያጠምድበት። የተዋሱት መሆኑ ከታወቀ ይሰርዟቸዋል፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ። ከአሁን አሁን ይመጣል ብዬ… ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ነው ብዬ…»

«ትልቁ ጀልባ እኮ ሄዷል!»

«ካፒቴኑ ያየዋል። ዓይን የለውም እንዴ? ዝም በይ በእናትሽ!»

ዙልሚራ ወደ ምዕራብ አየች። የከሰዓት ፀሐይ ከማሺሼ በላይ ሆና ውሃውን እንደ ቆርቆሮ ታበራዋለች፤ ካፒቴኑ የሚሄደው ወደዚያው ብርሃን ነው። በዚያ ላይ የሚሸሸውን ውሃ ለመቅደም ይጣደፋል። መንገዱ ባዶ ነው ብላ የነገረችው ደግሞ ራሷ ናት። ባዶ ነው የተባለ መንገድ ላይ ማን አሻግሮ ያያል?

ሬዲዮውን አነሳች። የኮሚቴው ሰዎች ሁሉ ይሰማሉ። ‹አንድ ዓሣ አጥማጅ መስመሩ ውስጥ ገብቷል› ማለት ትችላለች። እንደዚያ ብትል ማንም ምንም አይላትም። ግን ለዓሣ አጥማጅ ካፒቴኑ ጡሩንባ ነፍቶ ያልፋል እንጂ አይቆምም። የሚቆመው ለተወዳዳሪ ብቻ ነው።

«ሴኞር ማሲንጌ፣ ትልቁን ጀልባ ያስቁሙት! ሰባት አላለፈም! ቁጥሩን ሳላይ ነው የነገርኩዎት። ውሸቴን ነው። ያስቁሙት!»

ቀጥሎ የሴኞር ማሲንጌ ድምፅ መጣ፤ ዳቦ የሚያዝዙ ይመስል ረጋ ብለው፣ «ካፒቴን፣ ወደኋላ። ሙሉ ኃይል ወደኋላ። ከግራህ ተወዳዳሪ አለ» አሉ።

ዙልሚራ ባንዲራውን እየጎተተች አወጣችው፤ ገመዱ መዳፏን አቃጠላት። ትልቁ ጀልባ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ከኋላው ያለው ውሃ ተንተከተከ። ነጩ ሸራ ከብርሃኑ ውስጥ ወጥቶ በአፍንጫው ሥር ሲያልፍ በመሐላቸው የቀረው የሁለት ጀልባ ርዝመት ቢሆን ነው። ሞገዱ ሲያገኛቸው ጀልባቸው ተጋደመ። ከሰዎቹ አንዱ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ሌላው በቀበቶው ጎትቶ መለሰው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አለች ዙልሚራ ጮክ ብላ። «አራት። አራቱም አሉ።»

ካንዲዳ ፊቷን በጉልበቶቿ መሐል ቀብራ ታለቅስ ነበር።

«ወንድምሽ እኮ ነው!» አለቻት ዙልሚራ። ልትቆጣ ነበር የፈለገችው፤ የወጣው ግን የሚያለቅስ ድምፅ ነው።

ትልቁ ጀልባ እንደገና ሲነሳ ሩቅ አልሄደም። ሆዱ አሸዋ ላይ አረፈና ቀጥ አለ። ስድቡ እስከ ጣሪያው ይሰማል፤ የኮኮናቷ ሴት ከሁሉም ትበልጣለች። እስከ ምሽት እዚያው ናቸው።

ሴኞር ማሲንጌ ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ረጥቦ በብረት መሰላሉ ወጡ። ቁጭ አላሉም።

«ሰባት ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«ቁጥሩን በቃሌ ስለማውቀው ነው። ያየሁት እራፊዬን ነው።»

«እራፊሽ ሌላ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል?»

ዙልሚራ ወደ ካንዲዳ ዞረች። ካንዲዳ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላለች።

«ነገም ውድድር አለ» አሉ ሴኞር ማሲንጌ። «የኮሚቴው ሰዎች ሌላ ሰው ይቀመጥ እያሉ ነው። ያሳሳተሽ ዓይንሽ ከሆነ፣ ዓይኔ ነው በይኝና ነገ ቤትሽ ዕረፊ። ሌላ ነገር ካለ ግን ማወቅ አለብኝ።»

‹ዓይኔ ነው› ማለት ቀላል ነበር። ካንዲዳ ጓደኛዋ ሆና ትቀጥላለች። ነገ ደግሞ ነጩ ሸራ እንደገና ይወጣል፤ አሮጌው ሸራም ቁጥር ሰባትን እንደለበሰ ዓሣ ያጠምዳል፤ ጣሪያው ላይ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ደግሞ ያንን አያውቅም።

ዙልሚራ ደብተሩን ከካንዲዳ ጉልበት ላይ አነሳች። አስራ አንደኛው መስመር ላይ በካንዲዳ ጥርት ያለ ጽሕፈት ‹ትዕግሥት፣ ስምንት ተኩል› ይላል። ሰረዘችው። ከሥሩም ‹ቁጥሩን ሳላይ ቆጠርኩ፤ ዙልሚራ› ብላ ጻፈች። ከዚያ ደብተሩንና እስክሪብቶውን ለካንዲዳ ዘረጋችላት።

«የእኔን ጽፌያለሁ» አለች። «አንቺ ካልጻፍሽ ቀሪውንም እጽፈዋለሁ።»

ካንዲዳ ወደ ባሕሩ ዳር አየች። ፌሊዛርዶ ልብሱ እየተንጠባጠበ ከሰዎቹ ጋር እየሳቀ ነጩን ሸራ ያጥፋል፤ ትልቁ ጀልባ ለምን እንደተለቀቀባቸው ገና የነገረው ሰው የለም። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፍንጫዋን በእጇ ጠርጋ እስክሪብቶውን ተቀበለች።