የጦይባ ጠጠሮችና የተደበቀው ኔትወርክ

ጦይባ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትኖረው በኮምቦልቻ ከተማ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት ውስጥ ነው።

ጦይባ ነገር ሁሉ በቦታው ሲሆን ደስ ይላታል። ጫማዎቿ ጎን ለጎን። እርሳሶቿ ከረጅም ወደ አጭር። ብርድ ልብሷ በአራት እጥፍ።

አባቷ ግን ሁልጊዜ በቦታው የለም። የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዛሬ ሚሌ፣ ነገ ሰመራ፣ ከነገ ወዲያ ጅቡቲ ይደርሳል።

ስለዚህ በየምሽቱ፣ ልክ አንድ ሰዓት ላይ፣ የእማዬ ስልክ ይጮኻል። ድርርር! ድርርር!

«እንቆቅልሽ!» ይላል አባዬ ከሩቅ።

«ምን አውቅልህ!» ትላለች ጦይባ አልጋዋ ላይ ሆና።

መልሱን ካላወቀች ለአባዬ አገር ትሰጠዋለች። የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው። እስካሁን ጎንደርን፣ ጅማንና ሐረርን ሰጥታዋለች።

«ኧረ ለእኛም ትንሽ አስተርፊልን!» ይላሉ አያቷ አባባ ይማም።

ማክሰኞ ምሽት ስልኩ ጮኸ። ድርርር!

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ቀን ታጥፋ ትውላለች፣ ማታ ግን...»

ጭጭ።

«ማታ ግን ምን? አባዬ! ማታ ግን ምን?»

ስልኩ ጭጭ።

እማዬ የስልኩን መስታወት አየች። ኔትወርክ ሲኖር እዚያ ጥግ ላይ አራት ትንንሽ መስመሮች ይቆማሉ። አሁን አንድም የለም።

«አሮጌው ኔትወርክ ዛሬ ጡረታ ይወጣል ብለው ነበር» አለች እማዬ። «በእሱ ፋንታ አዲስ መጥቷል አሉ።»

«ታዲያ አዲሱ የት አለ?»

«እንጃ ልጄ። ተደብቋል መሰለኝ።»

ጦይባ የተደበቀ ነገር እንዴት እንደሚፈለግ ታውቃለች። ዓይኖቿን በእጆቿ ሸፈነችና ጮኸች። «ኩኩሉ!»

እማዬ ስልኩን አይታ፣ በኔትወርኩ ፋንታ መለሰች። «አልነጋም!»

በማግሥቱ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ፍለጋው ተጀመረ።

እማዬ በርጩማ ላይ ወጥታ ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋች። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!»

አባባ ይማም ስልኩን መጥረጊያ እንጨት ላይ አስረው በመስኮት አወጡት። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!»

እማዬ የውኃ በርሜል ላይ ወጣች። ክዳኑ ተንሸራተተ። ቦጭ! አንድ እግሯ ውኃ ውስጥ ገባ።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም! ረጥቧል እንጂ አልነጋም!»

አባባ ይማም ባርኔጣቸውን አደረጉና ከቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ኮረብታ አመለከቱ። በኮረብታው ላይ አሮጌው የስልክ ታወር ቆሟል።

«ወደዚያ ዙሩ! ወደ ታወሬ!» አሉ። «ሃያ ዓመት ዘበኛው ነበርኩ። አንድም ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው አላውቅም!»

እማዬም ዞረች፣ ጦይባም ዞረች፣ ስልኩም ዞረ። «ኩኩሉ!» «አልነጋም!»

«እንዲህ በዘፈቀደ አይሆንም» አለች ጦይባ። «በተራ ይሁን።»

በትልቅ ወረቀት ላይ ቤቱን ሣለች። በረንዳ፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድቤት፣ በጓሮ ደግሞ የዶሮ ቤት። ከዚያም አንድ ሰሐን የተቆላ ሽምብራ አመጣች።

«ስልኩ አንድ መስመር ሲያሳይ፣ አንድ ሽምብራ እናስቀምጣለን» አለች።

በረንዳ፣ ምንም። ሳሎን፣ ምንም። መኝታ ቤት፣ ምንም። ማድቤት... ሁለት ሽምብራ!

ቆርጠም! ቆርጠም!

«አባባ! ኔትወርኩን በሉት!»

«ወይ ጉድ!» አሉ አባባ ይማም እያላመጡ። «እኔ ሽምብራ መስሎኝ!»

ጦይባ እንደገና ጀመረች። አሁን በጠጠር ሆነ። ጠጠር የሚበላ ሰው የለም።

በረንዳ፣ ምንም። ሳሎን፣ ምንም። መኝታ ቤት፣ ምንም። ማድቤት፣ ሁለት ጠጠር። የማድቤቱ የጓሮ በር፣ ሦስት ጠጠር!

«አያችሁ?» አለች ጦይባ። «ጠጠሮቹ የሚበዙት ወደ ጓሮ ነው።»

«ወደ ጓሮ?» አሉ አባባ ይማም። «ለታወሬ ጀርባዬን ልስጥ?»

ጠጠር የሚበላ ሰው የለም። አውራ ዶሮው ሻለቃ ግን ሰው አይደለም። ቀረብ አለ፣ አንዱን ጠጠር ጎረሰ፣ ሮጠ!

«ጠጠሬን!» ጦይባ ስልኩን እንደያዘች ተከተለችው። እማዬ ጦይባን ተከተለች። አባባ ይማም ባርኔጣቸውን ይዘው እማዬን ተከተሉ።

ሻለቃ በማድቤቱ አልፎ፣ በጓሮው ዞሮ፣ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ቆመ። ጠጠሯን ዋጣት። ጉልጭ!

በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጮኸ። ድርርር!

ጦይባ መስመሮቹን ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! «ነጋ! እማዬ፣ ነጋ!»

በጓሮው በኩል፣ ማንም ዞሮ ባላየው ኮረብታ ላይ፣ አንድ ቀጭን አዲስ ታወር ያብረቀርቃል።

«ይኼ ደግሞ መቼ በቀለ?» አሉ አባባ ይማም።

«ጦይባ!» አለ አባዬ በስልኩ። «ከትናንት ጀምሮ ስደውል ነው የዋልኩት! እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ቀን ታጥፋ ትውላለች፣ ማታ ግን...»

«ኩኩሉሉሉ!» አለ ሻለቃ፣ በጦይባ ጆሮ ሥር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሻለቃ ነው! ማታ ግን ምን?»

«ማታ ግን...»

«ኩኩሉሉሉ!»

«እናንተ ሰዎች፣ ዶሮ ቤት ገባችሁ እንዴ?» አለ አባዬ። «በቃ፣ ማታ አልጋሽ ላይ ስትሆኚ እነግርሻለሁ።»

«አልጋዬ ላይ ኔትወርክ የለማ!» አለች ጦይባ። ስልኩን ወደ እማዬ ዘረጋች።

እማዬ ስልኩን ተቀበለች። እዚያው ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ቆማ ለኔትወርክ ባለሙያ ደወለች።

ሐሙስ ጠዋት ባለሙያዋ ራውዳ መሰላል ተሸክማ መጣች።

«የቆርቆሮ ጣሪያ እንደ ጃንጥላ ነው» አለች። «ዝናቡን ይመልሳል፤ ኔትወርኩንም ይመልሳል። ስለዚህ ውጭ አንቴና፣ ውስጥ ደግሞ ማጉያ እናደርጋለን። ግን አንቴናው በየት በኩል ይቁም? እሱን መፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጃል።»

ጦይባ ወረቀቷን ከነጠጠሮቿ አመጣች።

ራውዳ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አየች። «ጎበዝ! እዚህ ጋ ግን አንድ ጎድላለች። የት ሄደች?»

«ሻለቃ ሆድ ውስጥ ናት።»

ራውዳ እየሳቀች ጣሪያው ላይ ወጣች። አንቴናውን በጓሮ በኩል አቆመችው። ኳ! ኳ! ኳ! ከአንቴናው ሽቦ ወደ ውስጥ ሳበች። በጦይባ መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ማጉያውን፣ ትንሽ ነጭ ሣጥን፣ ሰቀለች። ኳ! ኳ!

አባባ ይማም ግን አሁንም ወደ አሮጌው ታወር እንደዞሩ ነበር። «ቅር እንዳይለው» አሉ።

«አይለውም አባባ» አለች ራውዳ። «እሱም እንደ እርስዎ ብዙ ሠርቶ ነው ጡረታ የወጣው። አሁን ይረፍ።»

አባባ ይማም አሰቡ። ባርኔጣቸውን አንሥተው አሮጌውን ታወር ተሰናበቱት። ከዚያም ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ ብለው ዞሩ።

አዲሱን ታወር ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሺ አንተ ጎረምሳ» አሉ። «ሥራ ላይ እንዳትተኛ!»

ምሽት ሆነ። ጦይባ ጫማዎቿን ጎን ለጎን አስቀምጣ አልጋዋ ላይ ተጋደመች።

«ኩኩሉ!» አለች።

እማዬ ስልኩን አየች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «ነጋ!»

ድርርር! ልክ አንድ ሰዓት።

«እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ቀን ታጥፋ ትውላለች፣ ማታ ግን ተዘርግታ ታቅፍሻለች። ማን ናት?»

«ጃንጥላ!»

«ጃንጥላ ታቅፍሻለች? አገር ስጪኝ!»

«ቆይ! ቆይ!»

እማዬ ጦይባን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ከአልጋው ጫፍ አንድ ነገር አነሣች። አንድ እጥፍ ፈታች፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያ ጦይባን እስከ አገጯ አለበሰቻት።

«ብርድ ልብስ!» ጮኸች ጦይባ። «ብርድ ልብስ ናት! አሁን የእኔ ተራ ነው። እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልሽ!»

«ጠጠር የዋጠ፣ ኔትወርክ ያገኘ፣ ማን ነው?»

ጭጭ።

«አባዬ? ጠፋህ?»

«አለሁ፣ አለሁ! እያሰብኩ ነው። አይ፣ አቃተኝ።»

«ሻለቃ ነው! በል አገር ስጠኝ!»

«ሰመራን ልስጥሽ?»

«ይሞቃል።»

«ጎንደርን?»

«እሱን የሰጠሁህ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

ጦይባ አሰበች። «ኮምቦልቻን» አለች። «አንተ ራስህ ይዘህልኝ ና።»

«ሐሙስ፣ ዓርብ...» አባዬ ቀኖቹን ቆጠረ። 

«ቅዳሜ» አለ። «ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ስልኩ በቦታው ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ። ውጭ፣ አዲሱ አንቴና አጠገብ፣ ሻለቃ አንገቱን ክንፉ ሥር ቀብሮ ተኝቷል።

«እማዬ» አለች ጦይባ በቀስታ፣ «ኩኩሉ!»

«አልነጋም» አለች እማዬ፣ ግንባሯን እየሳመች። «ተኚ።»